ሰውኛ እይታ

«ማሽኗ ዛሬ አኩርፋለች።» በኅዳር ወር፣ አጋሮ አካባቢ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እንዲህ ቢባል ማንም አይደናገርም፤ መፈልፈያው እምቢ ብሏል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱም ዋጋውም ይወርዳል። ገበሬው ጆንያውን ይዞ ተሰልፏል፤ ኦፕሬተሩ ክዳኑን ከፍቶ ብረቱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «በይ እንጂ!» ይላታል። ፊት የላትም፣ ዓይን የላትም፤ ግን ትለመናለች።

ሰው ያልሆነውን ነገር ሐሳብ፣ ስሜትና አመል እንዳለው አድርጎ መቀበልን የሥነ ልቦና ምሁራን አንትሮፖሞርፊዝም ይሉታል። እኔ «ሰውኛ እይታ» ብዬዋለሁ። ሰውኛ ዘይቤን ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን፤ እሱን ደራሲው አስቦበት ያመጣዋል፣ ይህኛው ግን ሳይጠሩት ይመጣል። ደግሞ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ሲኖትራክ የተባለውን የጭነት መኪና «ቀይ ሽብር» ያሰኘው ፍርሃት ነው።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሮቦቷ ሶፊያ አዲስ አበባ ስትመጣ፣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣዋ እንደጠፋ ተወራ፤ ልክ እንደ መንገደኛ። ሻንጣው ውስጥ የነበረው ግን የራሷ አካል ክፍል ነው!

ታዲያ ለማሽን የምናዝነው ለሰው የምናዝነውን ያህል ነው? በ2013 እ.ኤ.አ. በጀርመን የዱይስቡርግ ኤሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ አስትሪድ ሮዘንታል ፎን ደር ፑተንና ባልደረቦቿ፣ ፕሊኦ የተባለ የዳይኖሰር ቅርጽ ያለው ሮቦት ሲዳበስና ሲንገላታ የሚያሳይ ቪዲዮ ለሰዎች አሳዩ። ሲንገላታ ያዩት ተረበሹ፤ ሰውነታቸው ላይ የተደረገው ልኬትም ይህንኑ አሳየ። 14 ሰዎች በተካፈሉበት የአንጎል ምርመራ ደግሞ፣ ሰውም ሮቦትም በፍቅር ሲያዙ የተመልካቹ አንጎል ምላሽ ተቀራራቢ ነበር። ሲጎዱ ግን ለሰው የታየው ርኅራኄ በለጠ። ስሜቱ እውነተኛ ነው፣ መጠኑ ግን ይለያል።

ቃሉን ስንጠቀም አንድ ነገር እንለይ። ሰውኛ እይታ ያለው ተመልካቹ ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም። እንደ ሶፊያ የሰው መልክ የተሰጠውን ሮቦት «ሰው መሰል» ብንለው ይበቃል። መፈልፈያዋ ሰው መሰል አይደለችም፤ ኦፕሬተሩ ግን በሰውኛ ያያታል።