የጊች ሰው አቤት የሚለው ለማን ነበር?

ሰኔ 2008 ዓ.ም. ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የነበረችው የጊች መንደር ነዋሪዎቿን ሸኘች። 418 አባወራ ቤቱን አፍርሶ ወደ ደባርቅ ወረደ። ዘንድሮ አስር ዓመቱ ነው። «በፈቃዳቸው ተነሱ ወይስ ተገደው?» የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ተደጋግሞ የተጻፈ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ፓርኩ ጥቅምት 21 ቀን 1962 ዓ.ም. በሕግ ታወጀ፤ በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በደርግ ዘመን በሰሜኑ ገደል ሥር የነበሩ መንደሮች በኃይል ተነሱ፤ መንግሥት ሲለወጥ ከተነሱት ብዙዎቹ ተመለሱ። በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ አደጋ ያንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። አስተዳደሩም ከማዕከል ወደ አማራ ክልል፣ ከክልሉ ተመልሶ ወደ ፌዴራል ሲዘዋወር ኖሯል። ዛሬ የሚያስተዳድረው በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 575 የተቋቋመው የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ ራሱን የቻለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አድርጎታል።

ራሱን የቻለ መሆኑ ተገቢ ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ጠበቃ የላቸውም፤ የሚቆምላቸው ተቋም ያስፈልጋቸዋል። የጊች ምድር መጎዳቱም እውነት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በጂንባር ሸለቆ የአፈሩን መሸርሸር ለክቶ ካሳየ ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላ ነው። ገብስ በተዳፋት ላይ ሲታረስ፣ ከብቱም ጓሳውን ሲግጥ፣ ተራራው ይራቆታል። ይህን የሚክድ የለም።

ክርክሩ ሌላ ቦታ ነው። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ ለማውጣት ካስቀመጣቸው መመዘኛዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ያለው የሰው ቁጥር መቀነስ ነበር፤ ሰፈራው በፈቃደኝነት እንዲሆንም አሳስቧል። የመንግሥት ሪፖርት ሰዎቹ ወደውና ተወያይተው እንደተነሱ ይገልጻል። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ጊች የፈረሰችው ለዓመታት በተጠራቀመ የውጭ ተቋማት ግፊት ነው ይላል።

እኔ ሁለቱንም ትቼ ሕጉን አነበብኩ። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በዚያ አዋጅ ገበሬው ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው በካሳው መጠን ላይ ነው። «አልነሳም» የሚል አቤቱታ የሚያይ አካል አዋጁ አላቋቋመም። ገማቾቹን የሚሰይመው ራሱ የወረዳው አስተዳደር ነው። በካሳው ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኝ ሊል ቢፈልግ፣ መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ካላያያዘ ይግባኙ አይታይለትም። መጀመሪያ አስረክብ፣ ከዚያ አቤት በል ነው ነገሩ።

እምቢ የሚባልበት በር ከሌለ እሺታ ምን ያህል ይመዝናል? ባለሥልጣኑ ፓርኩን ከመዝገቡ ለማስወጣት ይሠራ ነበር፤ ክልሉና ወረዳው ሰፈራውን ያስፈጽሙ ነበር፤ ዩኔስኮ ሪፖርት ይጠብቅ ነበር። በዚያ ሁሉ መሐል ለገበሬው የቆመ ገለልተኛ ወገን አልነበረም። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁመዋል፤ መንደር ከመነሳቱ በፊት ፈቃዱን የማረጋገጥ ግዴታ ግን ማንም አልጣለባቸውም። ስለዚህ ሚዛኔ ወደ ብላን ያጋድላል።

ለተነሺዎቹ በደባርቅ የከተማ ቦታና የገንዘብ ካሳ ተሰጣቸው። ገብስ ዘርቶና በግ አርብቶ ላደረ ሰው የከተማ ቦታ መኖሪያ እንጂ ማሳ አይሆነውም።

በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ፤ ደስታም ሆነ። ዋልያው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 865 ተቆጥሮ የነበረው በ2024 ቆጠራ 306 ላይ ወርዷል። በመሐሉ የጦርነት ዓመታት አልፈዋል፤ ጥፋቱ በጊች ሰው ሊሳበብ አይችልም።

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋም አዟል፤ የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰውም በ30 ቀን ውስጥ አቤት እንዲል ፈቅዷል። መሻሻል ነው፤ አካላቱን የሚያቋቁመው ግን አሁንም መሬቱን የሚያስለቅቀው መንግሥት ነው። በስሜን ሌላ መንደር ከመነሳቱ በፊት ለወረዳውም ለባለሥልጣኑም ያልታዘዘ ሰሚ ይሰየም። ይህ ካልሆነ «በፈቃዳቸው ተነሱ» የሚለው ሐረግ ከሪፖርቶቻችን ይውጣ።