የሰማህ ላልሰማህ አሰማ

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሐሙሲት ስሟን ከሳምንቱ ቀን ወስዳለች። በአገራችን እንዲህ በዕለት ስም የሚጠሩ ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ የገበያ ልጆች ናቸው። ገበያ ደግሞ በጥንቱ ዘመን እህልና ከብት የሚሸጥበት ቦታ ብቻ አልነበረም። ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!» የሚልበት፣ የመንግሥት ቃል ወደ ሕዝብ ጆሮ የሚገባበት አደባባይም ነበር።

ዛሬ በዚያች ከተማ «ሪሲቨር ልገዛ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ሰሚው የሚያስበው የዲሽ ሣጥን ነው። ቃሉ ግን ከዲሽ በፊትም ነበር። ከ50 ዓመት በፊት ስቴሪዮ ሪሲቨር ማለት የራዲዮ መቀበያና አምፕሊፋየር በአንድ ሣጥን የተዋሐዱበት፣ ከኋላው የሸክላ ማጫወቻ፣ ቴፕና ሁለት ስፒከሮች የሚገጠሙበት ከባድ ዕቃ ነበር። እንዲህ ያለው አሮጌ ሪሲቨር ዛሬ በዓለም ዙሪያ በውድ ዋጋ የሚፈለግ ሆኗል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ አስቀድሞ «ይሠራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ እላለሁ፤ ለመሆኑ ይህ ዕቃ ምን መስማት ይችል ነበር?

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ የኤፍ ኤም ሥርጭት በስቴሪዮ እንዲተላለፍ ፈቀደች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት ማራንትዝ፣ ፓዮኒር፣ ሳንሱይና ኬንውድ የተባሉት ስሞች ገነኑ። ፉክክሩ የጉልበት ነበር። ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ኤስ ኤክስ 1980 ለእያንዳንዱ ስፒከር 270 ዋት ይሰጣል። ግንባሩ የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ጎኑ እንጨት፣ የጣቢያ መፈለጊያው መስታወት በብርሃን የተሞላ ነው። በዚያ መስታወት ላይ ግን በአብዛኛው ሁለት መስመር ብቻ ተጽፎ እናገኛለን፤ አንዱ መካከለኛ ሞገድ፣ ሌላው ኤፍ ኤም። አጭር ሞገድ የለም። የተሠራው ከተማው በኤፍ ኤም ጣቢያ ለተሞላለት አድማጭ ነበርና።

ኢትዮጵያ እንዲያ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ የጀመረው የአቃቂ ጣቢያ፣ ጣልያን አገሪቱን ሊወር በተሰናዳበት ሰዓት የንጉሠ ነገሥቱን ቃል ወደ ውጭው ዓለም ያደረሰው በአጭር ሞገድ ነበር። በየካቲት 1955 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮም እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ጉልበት ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ተራራ ይጋርደዋል። አጭር ሞገድ ግን ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከከፍተኛው የአየር ንጣፍ ነጥሮ፣ ጉና ተራራንም የዓባይን ሸለቆም ተሻግሮ ይወርዳል። ለደጋ አገር አድማጭ የተፈጠረ ይመስላል።

ስለዚህ በደቡብ ጎንደር ደጋ ራዲዮ የሚገዛ ሰው ስለ ዋት አይጠይቅም ነበር። የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ቢጀምርም ገጠሩ መብራት ሳያገኝ ብዙ ዘመን ቆይቷል። የገበሬው ራዲዮ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ትራንዚስተር ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ቀን ማሰንበት የተለመደ ብልኃት ነው። ገዥው የሚመረምረው አጭር ሞገዱን ነበር። መጥሪያውን በቀስታ እያዞረ፣ በፉጨትና በጩኸት መካከል የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይጠብቃል። ያ ድምፅ ከተሰማ ራዲዮው ጆሮ አለው ማለት ነው።

የዚህን ጆሮ ዋጋ ታሪክ ይመሰክራል። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭቱን የጀመረው በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ብሥራተ ወንጌልን ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 በአማርኛ መናገር ጀመረ። በዚያ ዘመን ስንት ቤት መስኮቱ ተዘግቶ፣ ድምፁ እስከ መጨረሻ ዝቅ ተደርጎ፣ ቤተሰቡ በአንዲት ትንሽ ራዲዮ ዙሪያ አንገት ለአንገት ገጥሞ አድምጧል! የውጭ ወሬ መስማት ያስጠረጥር ነበርና፣ የሚፈለገው ጎረቤት የማይሰማው ራዲዮ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ አገር ጥለው መውጣታቸውን ሕዝቡ የሰማው ከዚያው ከመንግሥት ራዲዮ ነው። ነገሩ በደርግም አላበቃም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር አመሳስለው፣ መታፈኑን እንደሚደግፉ በይፋ ተናግረዋል። መንግሥት የሚያፍነው ሰው የሚሰማውን ነው፤ ማንም ያልሰማውን ማፈን ምን ይጠቅማል?

ታዲያ ባለ ብዙ ዋቱ ሪሲቨር በአገራችን ምን ሥራ ነበረው? ሥራው ሸክላ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። በ1975 አገር ለቆ እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አውጥቷል። ዓሊ አብደላ ካይፋም በዚያው መንገድ ተከተለ። ከባሕር ማዶ የተመለሰ ተማሪ ወይም አንድ የከተማ ቡና ቤት ስቴሪዮ ቢኖረው፣ በዚያ ዕቃ የሚጮኸው ይህ ዜማ ነበር። የሰዓት እላፊው መጥቶ የሌሊቱን ጭፈራ ዝም ሲያሰኘው፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያም ካሴት ሸክላን ሲተካ፣ ሪሲቨሩ ቴፕ ተገጥሞለት ኖረ። የኤፍ ኤም መስመሩ ግን እንደ ጌጥ በባዶው ይበራ ነበር። በፈረንጅ አገር የሚሰማም የሚያሰማም የነበረው ዕቃ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚያሰማ እንጂ የማይሰማ ሆነ።

ያ ባዶ መስመር ድምፅ ያገኘው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሲከፈት ነው። በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1 ተከተለ። ለሐሙሲት ቅርብ የሆነው ኤፍ ኤም ባሕር ዳር ደግሞ በ96.9 ላይ ይገኛል። አሮጌው ዕቃ በስተርጅና ጆሮው ተከፈተ ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ዛሬ አሮጌ ሪሲቨር የሚገዛ ሰው መስታወቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ያንብብ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ኤፍ ኤሙ ከ76 ተነሥቶ 90 ላይ ያበቃል። እንጨቱ ምንም ቢያምር፣ ዋቱ ምንም ቢበዛ፣ 96.9 ለእርሱ ከዓለም ዳርቻ ውጭ ነው። ከኋላውም የኤሌክትሪክ መጠኑን ይመልከት። ለአሜሪካ በ120 ቮልት የተሠራውን መቀነሻ ሳያደርጉ በእኛ 220 ቢሰኩት ያቃጥሉታል። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮችም ባረጁ መጠን ስለሚደክሙ፣ «ምንም አልተነካም» የሚለው የሻጭ ምስጋና ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ስቴሪዮ ሪሲቨር ሰብሳቢ አግኝቷል፣ ይወለወላል፣ ይጠገናል። ለአባቶቻችን ዓለምን ያሰማቸው ያ በቆዳ ልባስ የሚለብስ ትንሽ ባለ አጭር ሞገድ ራዲዮ ግን ከተሰበረ ጫማና ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ለቆራሌው ይሰጣል። በልዋጩም የፕላስቲክ ሳህን ይገኝበታል። እኛ ዕቃን የምንመዝነው በጩኸቱ ስለሆነ ነው። የመጥሪያው ጥርስ ያለቀው፣ አንቴናው በሽቦ የታሰረው፣ አንድ ቤተሰብ በጨለማ ከብቦ እስትንፋሱን ውጦ ያዳመጠው ራዲዮ ታሪካችንን በአካሉ የጻፈ መዝገብ ነው። ቆራሌው ጋ ሲሄድ አብሮት የሚሄደው የማን ድምፅ የት ቤት ይሰማ እንደነበር የሚመሰክረው የመጨረሻው ምስክር ነው።

ስለዚህ አሮጌ ሪሲቨር ለመግዛት የተነሣ ወዳጅ ይግዛ፤ ሸክላም ያጫውትበት። ነገር ግን መጀመሪያ ወደ አባቱ ቤት ሄዶ ቆጡን ይፈትሽ። ትንሹን ራዲዮ ካገኘ አዲስ ድንጋይ ያግባለትና አባቱን «በዚህ ምን ሰማችሁ?» ብሎ ይጠይቃቸው። አዋጅ ነጋሪው በገበያው መካከል ቆሞ ያዘዘውም ይህንኑ ነበር፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ።

ቸር ያሰማን።