የኢትዮጵያ ፖስታና ሁለቱ ቴምብሮች

በቀድሞ ዘመን የንጉሥን ወይም የመኳንንትን ደብዳቤ የሚያደርስ መልእክተኛ ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ አጣብቆ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይይዝ ነበር። በመንገድ ያየው ሁሉ የታላቅ ሰው ቃል ይዞ እንደሚሄድ ያውቅለታል። ተራው ሰው ግን ወደዚያ አገር የሚሄድ ነጋዴ ወይም መንገደኛ ካላገኘ በቀር ቃሉን የሚያደርስበት መንገድ አልነበረውም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ፖስታ እንዲቋቋም ያዘዙት መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። በዚያው ቀን ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ለመሥራት ፈቃድ ሰጥተዋል። ዘመኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የውጫሌ ውል መፍረሱን ለአውሮፓ መንግሥታት ካስታወቁ ገና አንድ ዓመት ያህል ሆኗል፤ የዐድዋም ጦርነት ሊመጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቴምብር ማሳተም የደብዳቤ ዋጋ መቀበያ ብቻ አልነበረም፤ በስሙ የሚጠራ መንግሥት መኖሩን በሰው ሁሉ እጅ ማስጨበጥም ነበር።

ሰባቱ የመጀመሪያ ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። ከሩብ እስከ 2 ግርሽ ያሉት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፥ 4፥ 8 እና 16 ግርሽ የሆኑት ሦስቱ ደግሞ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል። (ከእነርሱም ብዙዎቹ በደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ በአውሮፓ ቴምብር ሰብሳቢዎች እጅ ገብተው ቀርተዋል።) ኋላ በእነዚሁ ላይ በእጅ ማኅተም ቃል ይጨመር ጀመር፤ በ1894 ዓ.ም. ገደማ «ቦስታ»፥ ጥቂት ቈይቶም «መልክት» የሚል። ለዚህ አዲስ ሥራ ከባሕር ማዶ የመጣው ስም ይሻላል ወይስ የአገሩ ቃል የሚለው ጥያቄ በትንሿ ወረቀት ላይ ይታያል። ያሸነፈው የባዕዱ ቃል ነው፤ ይኸውም የአገሩ ቃል ጐድሎት አይደለም።

ነገር ግን ከባድ ጕድለት ነበረ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች ቴምብሯ ወደ ባሕር ማዶ አይሻገርም። ከአዲስ አበባ በሐረር በኩል የሚወርድ ደብዳቤ ወደ አውሮፓ ለመድረስ የጅቡቲን የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር መጨመር ነበረበት። በአንድ ፖስታ ላይ ሁለት ቴምብር ጐን ለጐን ይለጠፍ ነበር፤ አንዱ በአገር ውስጥ፥ ሁለተኛው ከወደቡ ወዲያ ይሠራል። ፈረንሳዮችም በኢትዮጵያ ከተሞች የራሳቸውን ፖስታ ቤት ከፍተው ነበር። በዐድዋ ድል ያደረገ መንግሥት ለደብዳቤው የሌላውን ፈቃድ መለመኑ እንግዳ ነገር ነው፤ ሆኖም ከአዋጁ ጀምሮ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል እንዲሁ ቈየ። ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ኅብረቱ ስትገባ ሁለተኛው ቴምብር ቀረ። በዚያው ዓመት የወጡት አዳዲስ ቴምብሮች ከአማርኛው ጋር ፈረንሳይኛም ተጽፎባቸዋል።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ደብዳቤም ከበቅሎና ከግመል ወደ ፉርጎ ተዛወረ። በጠላት ወረራ ዘመን የኢትዮጵያ መንግሥት ቴምብር ቀርቶ በ1934 ዓ.ም. ተመለሰ።

ደብዳቤን በየቤቱ ማደል ለብዙ ዘመን አልተለመደም፤ ሰው አድራሻው የፖስታ ሣጥን ቍጥር ነው። ሣጥን የሌለው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ወይም የትምህርት ቤቱን ቍጥር ይጠቀማል። ስለዚህ በብዙ የአውራጃ ከተሞች የመምህሩም የተማሪውም ደብዳቤ በዚያው በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይመጣ ነበር፤ ለልጁ የተጻፈውንም ተቀብሎ በስሙ ጠርቶ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነበረ።