ተንቀሳቃሽ የማድፈጫ ድንኳን፤ በኩዌት ለሚኖር ወፍ ተመልካች በአነስተኛ ዋጋ እንዴት ይመረጣል?

የማድፈጫ ድንኳን ሰው ራሱን ሰውሮ የዱር እንስሳትን በቅርብ የሚመለከትበት፣ ታጥፎ በትከሻ የሚያዝ ትንሽ ድንኳን ነው። በሰሜን አሜሪካ በይበልጥ የሚታወቀው በቀስት አደን ነው። ቀስት እንደ ጠመንጃ ከሩቅ ስለማይመታ አዳኙ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 30 ሜትር መቅረብ፣ ገመዱን ሲስብም እንቅስቃሴውን መደበቅ አለበት። በአገራችን ገበሬው ሰብሉን ከዝንጀሮና ከወፍ የሚጠብቅበትን ማማ የሚያውቅ ሁሉ ነገሩ አይከብደውም። ማማው ግን ከፍ ብሎ ይታያል፤ ይህኛው መሬት ላይ ተቀምጦ ይሰወራል።

በኩዌት ይህ ድንኳን ለቀስት አይውልም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 42 የዱር እንስሳትን ማደን፣ መያዝና መጉዳት ይከለክላል፤ ጥሰቱም በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። በኢትዮጵያም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን አይቻልም። ስለዚህ በሳልዋና በአካባቢው ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የድንኳኑ ጥቅም ለዓይንና ለካሜራ ነው።

ለዚህ ደግሞ ኩዌት ምቹ ናት። በትንሿ አገር ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹም በእስያና በአፍሪካ መካከል የሚመላለሱ መንገደኞች ናቸው። በአብያታ ሐይቅ የሚታወቁት ፍላሚንጎዎች በቅዝቃዜው ወራት በኩዌት የባሕር ወሽመጥ ጭቃማ ዳርቻዎችም ይታያሉ።

ዋጋን በተመለከተ መሠረታዊው ነጥብ ይህ ነው፤ ውዱን ድንኳን የሚያስወድደው በአብዛኛው ለቀስተኛ የተሠራ መሆኑ ነው። ቀስተኛው ቆሞ ገመዱን ለመሳብ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ከፍታና ክንዱን የሚያንቀሳቅስበት ስፋት ይፈልጋል። ካሜራ ወይም አጉሊ መነጽር የያዘ ሰው ግን ተቀምጦ ይሠራል። ስለዚህ ዝቅተኛና ጠባብ ድንኳን ይበቃዋል፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሸክሙ ይቀላል፣ ነፋስም ብዙ አያገኘውም።

በገበያ የሚገኙት በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው እንደ ጃንጥላ ዘንጎቹ ከየግድግዳው መካከል ተገፍተው የሚወጠሩበት ነው፤ ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል፣ ይወደዳልም። ሁለተኛው ተጠቅልሎ ሲለቀቅ በራሱ የሚከፈተው ነው፤ ቀላል ነው፣ ነፋስ ግን በቶሎ ያንገላታዋል። ሦስተኛው ከማጠፊያ ወንበር ጋር የተያያዘ የአንድ ሰው መሸፈኛ ነው። አራተኛውና ርካሹ በተራ ወንበርና በሁለት ዘንጎች ላይ የሚጣል የማስመሰያ መረብ ነው። ለጀማሪ አራተኛው በቂ ነው፤ አየር ያስገባል፣ በከረጢትም ተይዞ በታክሲ ይሄዳል።

ከመግዛት በፊት አራት ነገሮችን ማየት ይገባል። አንደኛው ቀለም ነው። በቅጠልና በግንድ ሥዕል ያጌጠው ለደን የተሠራ በመሆኑ በበረሃ ይጋለጣል፤ የአሸዋ ቀለም ያለው ይመረጣል። ሁለተኛው መስኮት ነው። ሲከፈት የሚጮኽ ቬልክሮና ዚፕ ወፍ ያስደነግጣል፤ በመንጠቆ የሚያዝ ወይም የወንፊት መረብ ያለው ይሻላል። ሦስተኛው ስፌትና ዘንግ ነው፤ ቢቻል በሱቁ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዘርግቶ ማጠፍ ይበጃል። አራተኛው የአየር መተላለፊያ ነው።

አራተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። በኩዌት ሚትሪባ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 2016 የተመዘገበው 53.9 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ከተረጋገጡት ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው። ተመልካቹ ከውጭ እንዳይታይ ውስጡ ጥቁር የሚደረግ ዝግ ድንኳን በእንዲህ ያለ ቀን እንደ ምድጃ ይግላል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ከቀኑ 5 እስከ 10 ሰዓት ከቤት ውጭ መሥራትን ትከለክላለች። ለሠራተኛ የተከለከለ ሰዓት ለመዝናኛም አይመከርም። ተስማሚዎቹ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያሉት ወራት ናቸው።

ድንኳኑን ሲተክሉ አብሮት የሚሸጠው ቀጭን ካስማ በአሸዋ ውስጥ አይጸናም። ባዶ ከረጢቶች ይዞ ሄዶ በገጽ ላይ ባለው አሸዋ ሞልቶ በማዕዘኖቹ ማሰር ይሻላል። በበረሃ መቆፈር ግን አይገባም፤ ከ1990–91ዱ ጦርነት የቀሩ ያልፈነዱ መሣሪያዎች ዛሬም ይገኛሉ። ከተለመደው መንገድ አለመውጣት፣ የማይታወቅ ብረት አለመንካትና ሲታይ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ለቦታና ለሰዓት ምርጫ የሳልዋ ዳርቻ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላደረገ ጠዋት ፀሐይ ዓይን ይወጋል፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጀርባ ይሆናል። ባሕሩ ከመሙላቱ በፊት ከውኃው መድረሻ ርቆ መቀመጥ ይጠቅማል፤ ውኃው እየጨመረ ሲመጣ ወፎቹን ራሱ ወደ ተመልካቹ ያቀርባቸዋል። ጎጆ የያዘ ወፍ አጠገብ ማድፈጥ ግን ነውር ነው፤ እናቲቱ ከሸሸች እንቁላሉ በሙቀት ይጠፋል።

በመጨረሻም የመታወቂያ ካርድ መያዝ፣ በተከለሉ ጥብቅ ቦታዎች ያለ ፈቃድ አለመግባት፣ ካሜራንም ወደ ወታደራዊና የነዳጅ ተቋማት አለማዞር ያስፈልጋል። የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለወዳጅ መንገርና በቂ ውኃ መያዝም ከድንኳኑ ምርጫ የማይተናነስ ጥንቃቄ ነው።