ስምና ግብር

በ1940ዎቹ ከሚሴ ላይ የተወለደ አንድ አባት ከቤቱ ሳይነቃነቅ በስንት ስም እንደተጠራ አስባችሁ ታውቃላችሁን? በዘውዱ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ተገዥ ነበር። በደርግ ዘመን «ሰፊው ሕዝብ» ተባለ። ከ1983 ወዲህ ደግሞ «ብሔር ብሔረሰቦች» ከሚባሉት መካከል ተቆጠረ፤ በወሎ ሥር የነበረችው ከሚሴም በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ሰውየው ግን ያው ነው፤ ቦርከናም ያው ወንዝ ነው።

ታዲያ ስሙ ከግብሩ ጋር ይገጥም ነበርን? ደርግ በታኅሣሥ 1967 ኅብረተሰባዊነትን አወጀ። በዚያው ዓመት የካቲት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለርስቱ አላቀቀው፤ ይህ አይካድም። ይሁን እንጂ ያው «የጭቁኖች መንግሥት» ውሎ አድሮ ገበሬውን እህሉን በኮታ፣ ራሱ በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ አስገደደው። በ1980 አገሪቱ «ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ስትባልም የተፈቀደው ፓርቲ አንድ ብቻ ነበር።

ስም አንድ መሆኑም ደም ከመፋሰስ አላዳነም። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም ማርክሲስት ነን ይሉ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ «አናርኪስት»፣ ሌላው «ባንዳ» እየተባባሉ ተጨራረሱ። በ1969 እና በ1970 የተዋጉት ኢትዮጵያና ሶማሊያም ሁለቱም ሶሻሊስት ነን ባዮች ነበሩ። ሱረቱል ሑጁራት በመጥፎ ቅጽል መጠራራትን መከልከሉ እንዲህ ያለውን ጥፋት ያስታውሰናል፤ ሰውን ለመግደል አስቀድሞ ስም ይወጣለታልና።

እንግዲህ ስም ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። በዘውዱ ዘመን ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይባል ነበር፤ በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሕዝብ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን» ሲል ግን ስሙን ብቻ አልጠየቀም፤ በዓላቱ እንዲከበሩለት፣ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ የመሬት ባለቤትነት መብቱ እንዲረጋገጥለት አብሮ ጠየቀ። ስሙ ከነመብቱ ነበር የተፈለገው።

ስለሆነም ልጆቻችን ስለ አንድ ሥርዓት ሲጠይቁን በስሙ አንመልስላቸው። ይልቁንስ እንዲህ ብለው እንዲመዝኑ እናስተምራቸው፦ ገበሬው ያመረተው የማን ነው? ሹሙ ሲበድል የሚጠይቀው አለን? ተቃውሞ የተናገረ ሰው ማታ በሰላም ቤቱ ይገባልን? ሥርዓት የሚታወቀው በእነዚህ መልስ ነውና።