የዓባይ ጥናት የማን ነበር?

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የግድቡ ሐሳብ ከየት መነጨ የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ሁለት መልሶች በብዛት ይሰማሉ። ከሀገር ውጭ፣ በተለይ በግብፅ ጸሐፍት ዘንድ፣ ሐሳቡ የዋሽንግተን ነው ይባላል፤ አሜሪካ የግብፁን መሪ ጋማል አብደል ናስርን ለመቅጣት ስትል በ1950ዎቹ ዓባይ ላይ ግድብ የሚሠራባቸውን ቦታዎች አጥንታ ለኢትዮጵያ ሰጠች የሚለው ትረካ ነው። በሀገር ውስጥ ደግሞ ታሪኩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ የጀመረ ያህል ይነገራል። ሁለቱ ትረካዎች የተለያየ ዓላማ ቢኖራቸውም አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው። ኢትዮጵያ ከውኃዋ ኃይል ለማግኘት ለትውልዶች የተሸከመችውን እቅድ ከታሪኩ ያወጡታል። ጥናቱን ያካሄዱት መሐንዲሶች በአብዛኛው አሜሪካውያን እንደነበሩ አይካድም። እንዲጠና የፈለገው ግን ማን ነበር? የዘመኑ ቀኖች በቅደም ተከተል ሲቀመጡ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ይሰጣሉ።

የቀደመው ታሪክ በደንብ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ዓባይን፣ የጣና ሐይቅን ወይም የሶባትን ወንዝ የሚያቆም ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንደማያሠሩ ቃል ገብተዋል። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ኢጣሊያ ልትደግፍ፣ ኢጣሊያም በምዕራብ ኢትዮጵያ የጥቅም ክልል እንዲኖራት እንግሊዝ ልትደግፍ ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጉዳዩን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቀረቡት። ከዚያ የተከተለው እርምጃ ለዚህ ጽሑፍ ክርክር የበለጠ ይጠቅማል። በልጅነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው በሕንድ አገር ያደጉት፣ በሕክምና ሠልጥነው ወደ አገራቸው የተመለሱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1920 ዓ.ም. አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒው ዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ወሬው በአሜሪካ ጋዜጦች ሲወጣ ለንደን ደነገጠች። ኩባንያው በኋላ ጣና ድረስ መጥቶ ቅየሳ አካሄደ፤ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ግን ሁሉንም አቋረጠው። ያ ግድብ በዋናነት የታሰበው ለመስኖ ውኃ ማጠራቀሚያነት ነበር፤ ስለዚህ የኃይል ፖሊሲ ነበር ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል። ናስር ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳሉ አዲስ አበባ የአሜሪካ መሐንዲስ ስትፈልግ ነበር።

አሁን ወደ አከራካሪው ምዕራፍ እንምጣ። ጥናቱ ናስርን ለመቅጣት የተደረገ ነው የሚለው የቂም ትረካ የሚቆመው በአንድ ቅደም ተከተል ላይ ነው። አሜሪካ ለአስዋን ከፍተኛ ግድብ ልትሰጥ ያሰበችውን ገንዘብ ሐምሌ 12 ቀን 1948 ዓ.ም. ከለከለች፤ ከሳምንት በኋላ ናስር የሱዌዝን ቦይ ወረሱ፤ በነሐሴ 1949 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካና ኢትዮጵያ የዓባይን ተፋሰስ በጋራ ለማጥናት ተፈራረሙ። ስለዚህ ጥናቱ የበቀል ልጅ ነው ይባላል። ይህ አቆጣጠር ግን ከመሐል ስለሚጀምር ከሐምሌ 1948 በፊት የሆነውን አያይም። ግብፅና ሱዳን ስለ ዓባይ ውኃ ክፍፍል መነጋገር የጀመሩት ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ነው፤ ኢትዮጵያም አልተጠራችም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጣ በኩል ኢትዮጵያ በግዛቷ ውስጥ ባለው የዓባይ ውኃ የመጠቀም መብቷን እንደምትጠብቅ ያስታወቀው በጥር 1948 ዓ.ም. ማብቂያ፣ የአስዋን ገንዘብ ከመከልከሉ አምስት ወር ያህል አስቀድሞ ነው። በዚያን ጊዜ አሜሪካና እንግሊዝ ለአስዋን ገንዘብ ለመስጠት ከናስር ጋር ገና እየተነጋገሩ ነበር። ዋሽንግተን ገና ያልቋጠረችውን ቂም አዲስ አበባ ልታስፈጽም አትችልም። አሜሪካ ለኢትዮጵያ የቴክኒክ ርዳታ መስጠት የጀመረችውም ከአስዋን ጠብ በፊት፣ ፖይንት ፎር በተባለው ፕሮግራም ነው፤ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የዚያ ፍሬ ነው። አሜሪካ በአሥመራ ለነበራት የቃኘው የጦር መገናኛ ጣቢያ መሠረት የሆነው ስምምነትም የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር። የዓባይ ጥናት ቀድሞ በተዘረጋ ግንኙነት ላይ የመጣ ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

የተቃራኒው ወገን ማስረጃ ግን ባዶ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የአይዘንሃወር አስተዳደር ከመጋቢት 1948 ዓ.ም. ጀምሮ ናስርን ለማስጨነቅ ልዩ ልዩ መንገዶችን ሲያወጣና ሲያወርድ እንደነበር የራሱ ሰነዶች ያሳያሉ። ኢትዮጵያ የዓባይን ውኃ ልትይዝ እንደምትችል ካይሮ ማሰቧ ለዋሽንግተን የማይጠቅም ነገር አልነበረም። የጥናቱ ስምምነት በቶሎ የተሳካውም በዚህ አየር ውስጥ በመሆኑ ይመስለኛል። ነገር ግን የአሜሪካ ጥቅም መኖሩ እቅዱን የአሜሪካ አያደርገውም። የኢትዮጵያ መንግሥት አመቺውን ጊዜ ተጠቀመበት፤ በ1920 ዓ.ም. የእንግሊዝና የኢጣሊያን ተጽዕኖ በአሜሪካ ኩባንያ ሚዛን ለመጠበቅ እንደሞከረው ሁሉ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ክብደት ያለው ማስረጃ ከጥናቱ በኋላ የሆነው ነው። ዓላማው ግብፅን መቅጣት ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ የሚፈጸመው ግድቡ ሲሠራ ነው። አሜሪካ ግን በዋናው ወንዝ ላይ ከታቀዱት ግድቦች አንዱንም አልሠራችም። ሰነዱ ለኢትዮጵያ ተሰጥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ሰነዱ ራሱም ጥናቱ በቀል ነው ከሚለው ትረካ ጋር አይገጥምም። ጥናቱን የመራው ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን የተባለው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሁቨርንና ግራንድ ኩሊን የመሰሉ ታላላቅ ግድቦችን ያስገነባ ድርጅት ነው። ሥራው እስከ 1956 ዓ.ም. ቆይቶ በ17 ቅጽ ተጠናቀቀ። ባለሙያዎቹ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ከጣና እስከ ሱዳን ጠረፍ የወንዞችን ፍሰት ለኩ፣ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ አነሡ፣ አፈርና ዐለት መረመሩ፣ ለመስኖ የሚሆነውን መሬት ለዩ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጠረፍ ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። ይህ ቁልቁለት በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሚያልፍ ለመስኖ አይመችም፤ ለኤሌክትሪክ ግን የተመቸ ነው። ጥናቱ በተፋሰሱ ውስጥ 33 የመስኖና የኃይል ፕሮጀክቶችን አቀረበ። ከእነዚህ በዋናው ወንዝ ላይ የሚሠሩት አራቱ ግድቦች ካራዶቢ 1,350፣ ማቢል 1,200፣ መንዳያ 1,620፣ የጠረፉ ግድብ 1,400 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ታስቦ ነበር። ድምሩ 5,570 ሜጋ ዋት ነው።

ለዚህ ቁጥር የዘመኑን ሚዛን መስጠት ያስፈልጋል። ጥናቱ ሲካሄድ የሀገሪቱ ኩራት የነበረው ከኢጣሊያ የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ በአዋሽ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ቆቃ ነው፤ ጉልበቱ 43 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። አራቱ ግድቦች ከ125 ቆቃ በላይ ማለት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ፋብሪካዎቿ በጣት የሚቆጠሩ፣ መብራት የሚያውቁት ጥቂት ከተሞች ብቻ የነበሩባት አገር ይህን ሁሉ ኃይል ምን ልታደርገው ትፈልገዋለች? ገዥ የሌለው ኃይል መታቀዱ ዓላማው ፖለቲካ እንደነበር አያሳይም ወይ? መልሱ በውኃው ክርክር ውስጥ ይገኛል። ግብፅና ሱዳን በአሥርተ ዓመታት የተጠራቀመ የፍሰት መዝገብ ይዘው ሲደራደሩ ኢትዮጵያ የራሷን ወንዝ ልክ የምትናገርበት የተሟላ ሰነድ አልነበራትም። በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ሁለቱ ሀገሮች 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ብለው ሲከፋፈሉ የውኃው መነሻ አገር ድርሻ አልተመዘገበም። የልክ ማስረጃ የሌለው ወገን መብቱን በደብዳቤ ከማስጠበቅ የበለጠ ምንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ጥናቱ በመጀመሪያ ደረጃ ልኬት ነበር፤ ግድቦቹ ወዲያው እንዲሠሩ ሳይሆን ሀገሪቱ አቅም ባገኘች ጊዜ የት ምን መሥራት እንደምትችል እንድታውቅ የተዘጋጀ ነው። አንድ መንግሥት ለ50 ዓመት ማቀድ አለበት ከተባለ ይህ ሰነድ ከኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው ትልቅ ምሳሌ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በፍጥነት የሚታለፍ ነው። ጥናቱ ባለቀበት ወቅት ጢስ ዓባይ ላይ የተሠራው ማመንጫ 12 ሜጋ ዋት እንኳ አይሞላም ነበር። በጥናቱ ውስጥ ከነበሩት ቦታዎች የፊንጫ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1973 በ100 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ። በደርግ ዘመን ትልቁ ሥራ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በዋቢ ሸበሌ ላይ የተሠራው መልካ ዋከና ነው። ዋናው ዓባይ ሳይነካ ቆየ፤ የገንዘብ እጦት፣ ጦርነትና አበዳሪዎች ያለ ግብፅ ፈቃድ ለመደገፍ አለመድፈራቸው አንድ ላይ ሆነው እቅዱን አሰሩት።

እቅዱ ግን አልተረሳም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ ናይል አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ካራዶቢ፣ መንዳያና የጠረፉ ግድብ እንደገና የቅድመ አዋጭነት ጥናት ተደረገላቸው። እዚህ ላይ ከቂም ትረካው የሚመጣ የመጨረሻ መከራከሪያ አለ። ሕዳሴ ግድብ የአሜሪካኖቹ የጠረፍ ግድብ ነው፤ ኢትዮጵያ የሠራችው የተሰጣትን ንድፍ ነው ይባላል። ቁጥሮቹ ይህን አይደግፉም። በአሜሪካኖቹ ሰነድ የጠረፉ ግድብ 1,400 ሜጋ ዋት የሚያመነጭና 11 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ውኃ የሚይዝ ነበር። ሕዳሴ 145 ሜትር ከፍታ፣ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋትና 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የመያዝ አቅም አለው። አካባቢው ከጥናቱ የተወረሰ ነው፤ መጠኑና ውሳኔው፣ ቦንድ ገዝቶ ወጪውን መሸከሙም የኢትዮጵያውያን ነው። በአራት ግድብ ተከፋፍሎ የነበረው ጉልበት አብዛኛው በአንድ ቦታ ተሰበሰበ። ይህ ምርጫ ከምህንድስና አንጻር ጠያቂዎች አሉት፤ ተርባይኖቹ ለወንዙ በዝተዋል የሚሉ ባለሙያዎች በግንባታው መጀመሪያ ላይም ተከራክረዋል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ሆኖም በራሱ ውሳኔ የሚከራከር ሀገር የሌላ ሀገር ንድፍ አስፈጻሚ ሊባል አይችልም።

የ1956ቱ ሰነድ ግን አንድ ልማድ ትቶልናል፤ ኃይልን ከውኃ ጋር ብቻ የማያያዝ ልማድ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ብሔራዊ የኢነርጂ ፖሊሲም ከሁሉ አስቀድሞ የውኃ ኃይልን ነው የያዘው። ዛሬም ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ነው። ውኃው ንጹሕና ታዳሽ ነው፤ ዝናብ ሲያጥር ግን ሀገሪቱ በአንድ ጊዜ ትጨልማለች፤ በ2001 ዓ.ም. ግድቦች ጎድለው መብራት በፈረቃ ሲታደል የታየው ይኸው ነው። የነፋስ ኃይል ለዚህ ድካም ማካካሻ ይሆናል፤ በኢትዮጵያ ነፋሱ የሚበረታው ወንዞች በሚቀንሱበት በበጋ ነውና። አዳማ አንድ 51፣ አሸጎዳ 120፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ይዘው በዚሁ ምክንያት ተተከሉ። በስምጥ ሸለቆ ያለው የከርሰ ምድር እንፋሎት ደግሞ በጋና ክረምት አይለይም፤ ሆኖም የአሉቶ ላንጋኖ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲጀምር ከ7 ሜጋ ዋት ብዙም አልዘለለም፤ ከዚያም ወዲህ ጉዞው አዝጋሚ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው አብዛኛው ቤተሰብ እንጀራውን ዛሬም በማገዶ መጋገሩ ነው።

ስለዚህ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሁለት ነገር ቢያደርግ መልካም ነው። አንደኛ፣ 17ቱን ቅጾች ዋና ዋና ክፍላቸውን በአማርኛና በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች አዘጋጅቶ ለትምህርት ቤቶችና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያድርስ፤ የእቅዱን ታሪክ ሌሎች እንዲተርኩልን መጠበቅ የለብንም። ሁለተኛ፣ ለሚቀጥሉት 50 ዓመታት ነፋሱን፣ ፀሐዩንና እንፋሎቱን ልክ ዓባይ በተለካበት ጥንቃቄ ለክቶ፣ የት ምን እንደሚሠራና በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ በይፋ ያሳትም። የ1956ቱን ጥናት የሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ውጤቱን ሳያዩ አልፈዋል፤ ሥራቸው ግን ግማሽ ምዕት ዓመት ጠብቆ አገልግሏል። የሚቀጥለው ጥናት ዛሬ ካልተጀመረ በ2060ዎቹ ግድብም ሆነ የነፋስ ማማ የሚተክል ትውልድ በእጁ የሚይዘው ሰነድ አይኖረውም።