የክረምት እረፍትና የአያቶች ወጪ

የአዲስ አበባ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው በዓል መውጣት የጀመሩት ትምህርት ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ነው። ለጥምቀት ጃንሜዳ በእግር ይኬዳል፤ ወጪው የልጅ ልብስና ሸንኮራ ነው፣ መግቢያ አይከፈልም።

ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ ረጅሙ እረፍት በክረምት ላይ ዋለ፣ ያውም በዝናብ! የአያት እቅድም ወደዚያው ተሰበሰበ፦ ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል፣ ነሐሴ 13 ቡሄ፣ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የቁልቢ ተሳላሚ እስከ ድሬዳዋ በሐዲድ መጓዝ ቻለ። ለዚህ አስቀድሞ መቆጠብ ግድ ነው።

በ1940 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ተቋቋመ። ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች ማየት ለልጆች የበዓል ያህል ሆነ፤ ግን ትኬት አለው። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክም እንዲሁ ነው። ለአንዲት አያትና ለሦስት ልጆች ትኬቱን፣ ታክሲውንና ምሳውን ደምሩት። (ለስላሳውን ሳንረሳ።)

ከአባሎቻችን መካከል ልጃቸው ዐረብ አገር ሄዳ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። ለእነዚያ ልጆች እናት በሌለችበት በዓል የሚያወጣቸው አያት ብቻ ናቸው። የቁጠባ ማውጫ ቅጻችን ግን ሕክምና፣ ትምህርትና ንግድ ብሎ ያበቃል። ሒሳብ ያዥ እንደመሆኔ ይህን ወጪ ቅንጦት ብዬ ልመዘግበው አልችልም። ስለዚህ ቅጹ ላይ “የልጆች በዓል” የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አቀርባለሁ፤ ከሰኔ ጀምሮ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ለሚያስቀምጡም የተለየ ደብተር ይከፈት።